የምስጡ ሒሳብ፣ የበረሮው ጄል እና የዲኤምቪው ፈተና

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ከሰሜን ቨርጂኒያ የሚደርሱን ጥያቄዎች እንደ ምስጡ ክንፍ አውጥተው ነው የሚመጡት። ለዚህ እትም ከስፕሪንግፊልድ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከአናንዴልና ከአካባቢው ከተላኩት መርጠናል። የተባይ ማጥፊያ ባለሙያ መቅጠር የፈለገም፣ ራሱ ባለሙያ መሆን የፈለገም ጠይቋል።

ጥያቄ፦ በኤፕሪል ከቤዝመንቱ መስኮት ሥር ክንፋቸው የረገፈ ጥቃቅን ነፍሳት አገኘን። ሦስት ኩባንያዎች ጠራን። አንዱ በቤቱ ዙሪያ አፈሩን በፈሳሽ መድኃኒት እናክማለን አለ። ሁለተኛው መሬት ውስጥ የሚቀበር ማባበያ እንትከል አለ። ሦስተኛው «በአንድ ሰዓት ረጭቼ እወጣለሁ» ብሎ ዋጋውን ከሁለቱም በግማሽ አወረደው። የቤታችን ዙሪያ 150 ጫማ ያህል ነው። የቱን እንመን? (ስፕሪንግፊልድ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ምስጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በዚያው ወቅት ክንፍ ያለው ጉንዳንም ይወጣል። የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፣ ወገቡ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው። ጉንዳን ወገቡ ቀጭን፣ አንቴናው የታጠፈ፣ የፊት ክንፎቹም ከኋለኞቹ የረዘሙ ናቸው። አምስት ስድስቱን በግልጽ ፕላስተር ላይ ለጥፈው ያስቀምጡ። ከዚያ ባትሪ ይዘው የመሠረቱን ግድግዳ በውስጥም በውጭም ይዙሩ። እንደ እርሳስ የወፈረ የጭቃ መስመር ከአፈር ተነስቶ ወደ እንጨቱ ሲወጣ ካዩ ከመሃሉ ሁለት ኢንች ያህል ብቻ ይስበሩ። በቀናት ውስጥ ከተጠገነ ምስጡ ሥራ ላይ ነው። ቀሪውን አይንኩት፣ ከሱቅ በገዙት መድኃኒትም አይርጩት፤ የሚመጣው ባለሙያ መንገዱን ማየት አለበት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰውዬ እንመለስ። እሱን ከመመዘን በፊት ሒሳብ እንሥራ። ለምስጥ የሚሠራ ፈሳሽ መድኃኒት መለያ ጽሑፍ የሚያዘው መጠን በ10 ጫማ ርዝመት፣ ለእያንዳንዱ ጫማ ጥልቀት 4 ጋሎን ነው። የእናንተ ቤት 150 ጫማ ስለሆነ አሥራ አምስት ጊዜ አራት፣ ማለትም 60 ጋሎን ይወስዳል። ይህም መሠረቱ አንድ ጫማ ብቻ ጥልቀት ካለው ነው፤ ሁለት ጫማ ከሆነ 120 ጋሎን ይደርሳል። በጀርባ የሚታዘል መርጫ 4 ጋሎን ነው የሚይዘው። ሰውዬው እሱን ብቻ ይዞ ከመጣ በትንሹ አሥራ አምስት ጊዜ ሞልቶ ማፍሰስ ይኖርበታል፤ በአንድ ሰዓት ያን ሊያደርግ አይችልም። የሚያደርገው የቤቱን ዙሪያ ማርጠብ ነው። ምስጡ ደግሞ የሚኖረው ከመሬት በታች ነው።

እውነተኛው ሥራ ይህን ይመስላል። በመሠረቱ ጥግ ስድስት ኢንች ስፋትና ስድስት ኢንች ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል። ከቦዩ በታች ረጅም የብረት ዘንግ እየተሰካ መድኃኒቱ በግፊት ይገባል፣ ቦዩም ከመድኃኒቱ ጋር በተደባለቀ አፈር ይመለሳል። በረንዳው፣ የጋራዡ ወለል ወይም የመኪና መግቢያው ከመሠረቱ ጋር በተገናኘበት ሁሉ ኮንክሪቱ በ12 ኢንች ልዩነት ገደማ ይበሳል፤ መድኃኒቱ ይወጋበታል፣ ቀዳዳውም ይደፈናል። ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ከሆነ እሱም ይበሳል። ይህ ለሁለት ሰው ከግማሽ ቀን እስከ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ነው። አንድ ኩባንያ «በረንዳውን መብሳት አያስፈልግም» ካለ፣ ምስጡ በዚያው ባልተነካው ቦታ በኩል ይገባል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ምስጥ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ በረንዳ ሥር ወይም በጋራዥና በቤት መጋጠሚያ ላይ ነው።

የመድኃኒቱን መጠንም መቆጣጠር ይችላሉ። ለምሳሌ ተርሚዶር ኤስሲ የሚባለው የምስጥ ፈሳሽ መድኃኒት በተለመደው 0.06 በመቶ ሲበጠበጥ ለአንድ ጋሎን ውኃ 0.8 አውንስ ይገባል። ባለ 20 አውንሱ ጠርሙስ 25 ጋሎን ይሠራል ማለት ነው። ለ60 ጋሎን 48 አውንስ፣ ሁለት ጠርሙስ ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ መጠቀም አለባቸው። ሥራው ሲያልቅ ስንት ጋሎን እንደገባና የት የት እንደተበሳ የሚያሳይ የቤቱን ንድፍ በጽሑፍ ይቀበሉ። እሱን ለመስጠት ያቅማማ ኩባንያ ቁጥሩን አልያዘውም።

ግቢ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ካለ፣ ቤዝመንቱ ሳምፕ ፓምፕ (ከወለሉ ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ ወደ ውጭ የሚያወጣ ፓምፕ) ካለው ወይም ከመሠረቱ ሥር የውኃ ማውጫ ቧንቧ ከተቀበረ ሳይጠየቁ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ በእነሱ በኩል ሊያመልጥ ይችላል። አፈሩ በዝናብ ከተጥለቀለቀ ወይም በረዶ ከሠራ ሥራው ይተላለፍ። ከሥራው በኋላ ደግሞ በአበባ አልጋ ስም ያንኑ አፈር አይቆፍሩት።

ማባበያው መጥፎ አማራጭ አይደለም። ምስጡ የሚበላው መርዝ የሚቀመጥባቸው የፕላስቲክ ጣቢያዎች ከ10 እስከ 20 ጫማ ርቀት ይተከላሉ፣ ስለዚህ ለእናንተ ቤት ከ8 እስከ 15 ይሆናሉ። ውኃ ጉድጓድ ላለው ወይም የቤዝመንቱን ወለል ማስበሳት ለማይፈልግ ሰው እሱን እንመርጣለን። ሆኖም ይዘገያል፤ ምስጡ እስኪያገኘው ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ዓመታዊ ክፍያውም አይቀርም። ክፍያውን ሲያቋርጡ ጣቢያው ባዶ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል ወይም ነቅለው ይወስዱታል።

ውሉ ላይ «ዋስትና» የሚለውን ቃል አይተው አይርኩ። ሁለት ዓይነት አለ፦ ምስጡ ከተመለሰ በነፃ እናክማለን የሚልና የተበላውን እንጨትም እንጠግናለን የሚል። የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከዚያ ነው። ቤቱን ሲሸጡ ዋስትናው ለገዥው ይተላለፍ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኩባንያው ፈቃድ እንዳለው በምን አውቃለሁ? መኪናው ላይ «ላይሰንስድ» ተጽፏል። (ፎልስ ቸርች)

መልስ፦ መኪና ላይ የተጻፈ አይቆጠርም። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው የክፍለ ግዛቱ የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። ሁለት ቁጥር ይጠይቁ፦ የድርጅቱን የፀረ ተባይ ሥራ ፈቃድ ቁጥርና ቤትዎ የሚመጣውን ሰው የምስክር ወረቀት ቁጥር። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ደንበኛ ጥቂት ነው፣ ግን መድኃኒቱን የሚይዘው ያ ሰው ነው። ከዚያ መሥሪያ ቤቱን ደውለው ያረጋግጡ። የኢንሹራንሱን ማስረጃ ደግሞ ከኩባንያው እጅ ሳይሆን ከመድን ድርጅቱ በቀጥታ እንዲላክልዎ ያድርጉ። ይህ በደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ የተለመደ ስለሆነ የሚቆጣ የለም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው፣ ኡበር መንዳት ሰልችቶኛል። የተባይ ማጥፊያ ላይሰንስ አውጥቼ በራሴ መሥራት እፈልጋለሁ። ኮርስ ወስጄ ወዲያው ድርጅት መክፈት እችላለሁ? እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። (አሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ወዲያው አይሆንም፤ ኮርስ ብቻውንም ድርጅት አያስከፍትም። መንገዱ ግን ግልጽ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ «ሬጅስተርድ ቴክኒሽያን» ይባላል። ፈቃድ ያለው ኩባንያ ይቀጥርዎታል፣ 40 ሰዓት ሥልጠና ይወስዳሉ፦ 20 በትምህርት፣ 20 በሥራ ላይ። የምስክር ወረቀቱን እስኪያገኙ ድረስ ብቻዎን መድኃኒት አይዙም፤ ፈቃድ ያለው ሰው እዚያው ቦታ ላይ ሆኖ ያሠራዎታል። ፈተናው የሚሰጠው በዲኤምቪ ቢሮዎች ነው፤ መንጃ ፈቃድ የሚታደስበት ያው ቦታ፣ በኮምፒውተር። ማለፊያው 70 በመቶ ነው። ቴክኒሽያን ሆነው አጠቃቀሙ የተገደበ መድኃኒት ብቻዎን መርጨት አይችሉም። ለሌላው ግን ብቻዎን ወደ ደንበኛ ቤት ይላካሉ።

ሁለተኛው ደረጃ «ኮሜርሻል አፕሊኬተር» ነው። በቴክኒሽያንነት አንድ ዓመት ከሠሩ በኋላ ለፈተናው ያመለክታሉ። አንዱ ፈተና መሠረታዊ ዕውቀት ነው፦ ሕግ፣ መርዛማነት፣ መከላከያ ልብስ፣ ስሌት። ሌላው የሥራው ዘርፍ ነው። 7ኤ ለበረሮ፣ ለጉንዳን፣ ለትኋንና ለአይጥ ሲሆን 7ቢ ለምስጥና እንጨት ለሚበላ ሁሉ ነው። በዚህ አካባቢ በሁለቱ ዳቦ ይበላል። 7ሲ በጋዝ ማጠን ነው፤ ለጀማሪ አንመክረውም።

ስለ እንግሊዝኛው አይጨነቁ አንልም። ማጥኛ መጽሐፎቹም ፈተናውም፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚያነቡት የመድኃኒት መለያም በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ቃላቱ ይደጋገማሉ። ሦስቱን የአደጋ ቃላት ከነደረጃቸው ይያዙ፦ «ኮሽን» ዝቅተኛው፣ «ዋርኒንግ» መካከለኛው፣ «ዴንጀር» ከፍተኛው። መለያው እንደ ሕግ እንደሚቆጠር፣ ከሚያዘው መጠን ማስበለጥም መለያው ላይ ባልተጠቀሰ ቦታ መርጨትም ጥፋት መሆኑን ይወቁ። ሰው የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በስሌቱ ነው። ከላይ ለስፕሪንግፊልዷ ቤት የሠራነው ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፦ ዙሪያው ይህን ያህል፣ ጥልቀቱ ይህን ያህል፣ በጋሎን ይህን ያህል አውንስ፣ በጠቅላላ ስንት? በእጅ እየሠሩ ይለማመዱት። አንድ ጋሎን 128 አውንስ መሆኑን፣ የፈሳሽ አውንስና የክብደት አውንስም የተለያዩ መሆናቸውን የዘነጋ ሰው ሒሳቡን በትክክል ቢያባዛም መልሱ ይሳሳታል።

ያችን አንድ ዓመት እንደ ቅጣት አይዩዋት። ሲቀጠሩ በየሦስት ወሩ ውጭውን ረጭቶ ብቻ የሚሄድ ኩባንያ ሳይሆን ምስጥም የሚሠራ ይምረጡ፤ ኮንክሪት መብሳት ከመጽሐፍ አይማሩትም። ሲገቡ የሚፈርሙትን ውል ግን ያንብቡ። ሲለቁ ደንበኞቹን እንዳይወስዱ የሚከለክል አንቀጽ ሊኖርበት ይችላል።

ድርጅቱን ሲከፍቱ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ኤልኤልሲውን (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅትዎን) በክፍለ ግዛቱ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን ያስመዘግባሉ። የካውንቲውን ወይም የከተማውን የንግድ ፈቃድ ያወጣሉ። የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ይገዛሉ፣ ከዚያ የፀረ ተባይ ድርጅት ፈቃዱን ያመለክታሉ። ለዚህ በድርጅቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ኮሜርሻል አፕሊኬተር መኖር አለበት፤ እሱ እርስዎ ይሆናሉ። ከሁለት በላይ ሠራተኛ ሲኖርዎ የሠራተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ ግዴታ ይሆናል። ለኡበር የገዙት የመኪና ኢንሹራንስ መድኃኒት ጭነው ለሥራ ሲሄዱ ይሸፍነኛል ብለው አይገምቱ፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ለመነሻ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ጋሎን የሚይዝ በእጅ የሚነፋ መርጫ፣ የጄል ሽጉጥ፣ የዱቄት መድኃኒት መንፊያ፣ ማጣበቂያ ወጥመዶች፣ ጠንካራ ባትሪ፣ ኬሚካል የማያሳልፍ ጓንት፣ የፈሰሰ መድኃኒት የሚመጥ የድመት አሸዋ ከነአካፋው ይበቃል። የምስጡን ታንክና ፓምፕ ገበያው ሲያስገድድዎ ይግዙ። መድኃኒቱ ከሾፌሩ ክፍል ተለይቶ፣ ተቆልፎ፣ በራሱ ጠርሙስ ከነመለያው ይጓዛል። ወደ ውኃ ወይም ለስላሳ ጠርሙስ የተገለበጠ መድኃኒት ሰው ይገድላል።

የት፣ መቼ፣ በምን፣ ስንት እንደረጩ የሚያሳየውን መዝገብ ለ2 ዓመት ያስቀምጡ፤ የምርቱ የኢፒኤ (የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ቁጥርም ይግባበት። የምስክር ወረቀትዎን ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ሥልጠና ወስደው ያድሳሉ። ከሁሉ በላይ ግን ፖቶማክን ሲሻገሩ ይጠንቀቁ። የቨርጂኒያ ፈቃድ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አይሠራም፤ እዚያ የሜሪላንድ ግብርና መሥሪያ ቤት፣ ዲሲ ውስጥ ደግሞ የከተማዋ የኢነርጂና አካባቢ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። «የዘመዴ ሬስቶራንት ነው፣ ዝም ብዬ ልርጭለት» የሚባለው ነገር አዲሱን ፈቃድ የሚያሳጣ ነው።

ጥያቄ፦ አፓርታማችን በየወሩ ይረጫል፣ ጀርባው ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው ትንሹ ቡናማ በረሮ ግን እየበዛ ነው። የስምንት ወር ሕፃን አለን። (አሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ እንደገለጻችሁት የኩሽና በረሮ ነው፦ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ከራሱ ጀርባ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው። የሚበዛው በመረጨቱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የሚያባርር መድኃኒት ግድግዳ ሥር ሲረጭ በረሮው በቧንቧው ዙሪያ ወደ ጎረቤት ይሸሻል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ሴቷ የምትሸከመው የእንቁላል ከረጢት ከ30 እስከ 40 ልጅ ይይዛል፣ ርጭቱም አይደርስበትም።

የሚሠራው በረሮው በልቶት የሚሞትበት ጄል ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ስድስት ያህል ማጣበቂያ ወጥመድ ለሁለት ሌሊት ያስቀምጥ፤ ጫጩቶቹ የበዙበት ወጥመድ መኖሪያቸውን ይነግረዋል። ከዚያ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ በብዙ ቦታ ያኖራል፦ የቁም ሣጥን ማጠፊያ ውስጥ፣ የመታጠቢያው ቧንቧ ግድግዳ በሚገባበት ዙሪያ፣ ከፍሪጁ ሞተር አጠገብ። አንድ ትልቅ መስመር ከመሳብ ሠላሳ ትናንሽ ጠብታ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካላችሁ ገልብጣችሁ እዩት፤ ሙቀትና የደረቀ ሊጥ ባለበት እግሮቹ ሥር ይወዳሉ። እዚያ ላይ ጄል አይቀባም፤ ሊጡ ተፍቆ ይጸዳል፣ ምጣዱም ከግድግዳ ይርቃል። ጄል በተቀባበት አጠገብ ከሱቅ የገዛችሁትን አትርጩ፤ በረሮው ሽታውን ሸሽቶ ጄሉን አይበላም። «ቦምብ» የሚባለውን ጭስ ጭራሽ አትጠቀሙ፤ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፣ የጋዝ ምድጃ እሳት ካገኘው ደግሞ ይፈነዳል። ባለሙያው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ የተፈለፈሉት አዲሶቹ ወረራውን እንደገና ያስጀምሩታል።

አከራዩን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉት ቤቶችም እንዲታዩ ጠይቁ። በቨርጂኒያ ሕግ አከራዩ ቤታችሁ ውስጥ ከመርጨቱ 48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። እናንተ ጠይቃችሁት ከሆነ ግን ያ ግዴታ አይኖርበትም። ሕፃን መኖሩን በዚያው ደብዳቤ ጻፉና የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ። ርጭት ከተደረገ መለያው ላይ ያለው ሰዓት እስኪያልፍ ወይም እስኪደርቅ ከሕፃኑ ጋር ውጡ።

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት በመጣ በርበሬ ውስጥ ትናንሽ ቡናማ ጥንዚዛዎች አሉ፤ ወደ ሽሮውም ሄደዋል። ኩባንያ ልጥራ? (አናንዴል)

መልስ፦ አይጥሩ፣ ገንዘብዎን ይያዙ። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የምትሆን፣ ጭንቅላቷን ወደ ታች የደፋች ጥንዚዛ ከሆነች የትምባሆ ጥንዚዛ ናት፤ በርበሬና ቅመም ትወዳለች። መርጨት አይጠቅምም፣ ምግቡ ውስጥ ነው ያለችው። የተወረረውን ከረጢት ይጣሉ። ጤናማ የሚመስለውን በትናንሽ ላስቲክ ከፋፍለው በ0 ፋራናይት (-18 ሴልሺየስ) ቢያንስ አራት ቀን ያቆዩ፤ ትልቅ ከረጢት ከሆነ መሃሉ እስኪበርድ ይረዝማል። ከፍሪዘር ሲያወጡ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሳይመለስ አይክፈቱት፣ ያልበዋል። መደርደሪያውን፣ በተለይ የብሎን ቀዳዳዎቹን፣ በቫኪዩም ይምጠጡ። ከዚያ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩት።

ጥያቄ፦ በር ያንኳኳ ልጅ በታብሌት አስፈረመኝ። ለአንድ ዓመት ነው። መተው እችላለሁ? (ስፕሪንግፊልድ)

መልስ፦ ፊርማው ቤትዎ ላይ ከሆነና ዋጋው 25 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ የመሰረዝ መብት ይሰጥዎታል። ሻጩም የመሰረዣ ቅጽ በሁለት ቅጂ ሊሰጥዎ ይገባል። ስልክ ደውለው አይተዉት፤ ቅጹን ፈርመው በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩ፣ ደረሰኙን ይያዙ። ሦስቱ ቀን ካለፉ ውሉ ውስጥ ስለ ማቋረጥ የተጻፈውን ይፈልጉ። «የመጀመሪያው አገልግሎት ቅናሽ» የተባለው ዓመቱ ሳይሞላ ሲያቋርጡ ተመልሶ የሚጠየቅ ዕዳ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ቤት ልገዛ ነው፣ በወታደር ብድር። የምስጥ ምርመራ ወረቀት አምጡ ተባልኩ። (ዉድብሪጅ)

መልስ፦ ወረቀቱ ኤንፒኤምኤ-33 ይባላል፤ ለብድርና ለርክክብ የሚያገለግለው ከምርመራው ቀን ጀምሮ ለ90 ቀን ነው። ስለዚህ ርክክቡ ሊራዘም የሚችል ከሆነ ቀድመው አያስመርምሩ። ሲደርስዎ «ምስጥ አልታየም» የሚለውን ሳጥን ብቻ አይመልከቱ። መርማሪው ማየት ያልቻላቸው ቦታዎች የሚዘረዘሩበትን ክፍል ያንብቡ። «ቤዝመንት፣ በዕቃ የተሸፈነ» ከተባለ ያ ግድግዳ ጨርሶ አልታየም ማለት ነው። ሻጩ ዕቃውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ያርቅና መርማሪው ተመልሶ ይይ።